«ተሰብሮ ነው የደረሰኝ፣ ሌላ ላኪልኝ» ሲሏችሁ

የእጅ ሰዓት በኦንላይን እሸጣለሁ። በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ «መስታወቱ ተሰንጥቆ ነው የደረሰኝ፤ ለስጦታ ስለሆነ ዛሬውኑ ሌላ ላኪልኝ» አለኝ። ፎቶም አያይዟል። ደንግጬ ይቅርታ ጠየቅኩና በማግስቱ ቅያሪውን ላክኩ። የተሰነጠቀው ከሳምንት በኋላ ሲመለስልኝ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። የማሰሪያው ሦስተኛ ቀዳዳ ተለጥጦ ሞላላ ሆኗል። ከዘለበቱ ሥር ላብ የበላው መስመር አለ። እኔ የላክኩት ሰዓት ከነፕላስቲኩ ነበር። ሰውየው የራሱን አሮጌ ሰዓት መልሶ ሁለት አዲስ ይዞ ቀረ። መለያ ቁጥሩን ስላልመዘገብኩ መከራከሪያ አልነበረኝም።

አሁን ጥንቃቄውን የምጀምረው ገና ሳሽግ ነው። ሳላቋርጥ አንድ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ መለያ ቁጥሩ፣ ሰዓቱ ሲሠራ፣ ካርቶን ውስጥ ሲገባ፣ ሲታሸግ፣ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ፣ በመጨረሻም አድራሻው። ስልክ የምትሸጡ ከሆነ ባለ15 አሃዙን የስልኩን መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) መዝግቡ፤ *#06# ስትነኩ ይወጣል። መለያ ቁጥር ለሌለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ለቦርሳ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ብቻ በሚታይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ የት እንዳለ ለደንበኛ አትንገሩ።

የቅያሪ ጥያቄ ሲመጣ የምልከው መልስ ለሁሉም አንድ ነው፦ «ስለደረሰብዎ ችግር አዝናለሁ። ቶሎ እንድጨርስልዎ የዕቃውን፣ የመለያ ቁጥሩንና የካርቶኑን ፎቶ ከሁሉም አቅጣጫ ይላኩልኝ። የትዕዛዝ ቁጥርዎንና የዛሬውን ቀን በወረቀት ጽፈው ከዕቃው ጎን ያድርጉት።» ከኢንተርኔት ፎቶ የወሰደ ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጠፋል ወይም ይቆጣል። ቁጣ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም፤ ዕቃው በእውነት የተሰበረበትም ይቆጣል። ፎቶው የተነሳበት ቀን ከፋይሉ ውስጥ ባይገኝም አትፍረዱ። ብዙ የመልእክት መተግበሪያዎች ሲያስተላልፉት ያንን መረጃ ያጠፉታል።

ይህን አጥብቄ የምለው አንዲት ደንበኛዬን ስላስቀየምኩ ነው። «ካርቶኑ ባዶ ነው» አለችኝ። ቀድሞ ተታልዬ ስለነበር «እንዲህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው» ብዬ መለስኩላት። ቆይቶ መላኪያ ድርጅቱን የክብደት መዝገብ ጠየቅኩ። ከእኔ ሲወጣ 410 ግራም ነበር፤ በመንገድ ላይ ሁለተኛ ሲመዘን 150 ግራም ሆኗል። ሰዓቱ እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት ጠፍቷል። ቅያሪውንም ይቅርታዬንም ላክኩላት። ተመልሳ ግን አልገዛችኝም። ስለዚህ «ባዶ ነው» ሲባል መጀመሪያ ክብደቱን ጠይቁ፣ ማሸጊያው ተቀዶ እንደገና ተለጥፎ እንደሆነም በፎቶው ላይ ፈልጉ። መላኪያ ድርጅቶች ለካሳ ጥያቄ የጊዜ ገደብ ስላላቸው በዚያው ቀን አመልክቱ።

አሮጌው እጃችሁ ሳይገባና ሳታዩት አዲሱን አትላኩ። ይህ ደንብ ከሽያጩ በፊት በግልጽ ተጽፎ መታየት አለበት፤ አለበለዚያ ደንበኛው ላይ ዱብ ዕዳ ነው። የመመለሻውን ሒሳብ እናንተ ቻሉ። ዋጋው ከመላኪያው የማይበልጥ ዕቃ ከሆነ ግን ሳትከራከሩ ተኩ። ስሙ ተለያይቶ ስልኩ ወይም አድራሻው አንድ የሆነ የቀድሞ ቅሬታ እንዳለ ትዕዛዞቻችሁን ፈትሹ።

ንግግሩ ሁሉ በገዛበት መድረክ ላይ በጽሑፍ ይሁን። «በስልክ እንነጋገር» ቢላችሁ እንኳ የተስማማችሁበትን መልሳችሁ ጻፉለት። በቪዛ ወይም በማስተርካርድ የከፈለ ሰው በአብዛኛው እስከ 120 ቀን ድረስ በባንኩ በኩል ገንዘቡን ለማስመለስ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ እኔ ቪዲዮዎቹን ስድስት ወር አስቀምጣቸዋለሁ።

እንቢ ማለት ካለባችሁም «ሌባ» ወይም «አጭበርባሪ» የሚል ቃል አይግባበት። «የተመለሰው ዕቃ መለያ ቁጥር ከላክሁልዎ ጋር አይመሳሰልም፤ የሁለቱን ፎቶ አያይዣለሁ። የእኔ ዕቃ ካለዎት ይላኩልኝና ወዲያው እቀይርልዎታለሁ» በሉ። ተሳስቶ ሌላ ዕቃ የላከ ሰው በዚህ ያስተካክላል።

የተመለሰው ካርቶን ሲደርሳችሁም ወዲያው አትቅደዱት። ስልኩን አቁሙና መቅረጽ ጀምሩ፤ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ክፈቱ። እኔ መጀመሪያ የማየው ማሰሪያውን ነው።