ፊዱ አልመጣ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

የደሴንና የኮምቦልቻን ወሬ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የምንጠብቅ ብዙ ነን። ፌስቡክ ግን የሚያሳየንን ራሱ ይመርጣል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የምንፈልገው ነገር በፎርዋርድ ብዛት ይዋጣል። ፊድ ሌላ ነው። አንድ ድረ ገጽ አዲስ ነገር ባወጣ ቁጥር ርዕሱን፣ ቀኑንና ሊንኩን አንድ ፋይል ላይ ይመዘግባል። የእናንተ ማንበቢያ አፕ ያንን ፋይል እየሄደ ያያል፣ አዲሱን ያመጣል። መሃል ገብቶ የሚመርጥላችሁ የለም። ጀምሮ የሚተው ሰው ሳይ ይቆጨኛል፤ የሚያስቆመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ደቂቃ የሚፈታ ነውና።

«ድረ ገጹ ላይ የፊድ ምልክት የለም»

ድሮ ብርቱካናማዋ ምልክት በየገጹ ነበረች። ጉግል የፊድ ማንበቢያውን እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጋው፤ ፋየርፎክስም በ2018 መጨረሻ የራሱን አነሳ። ምልክቷም ከብዙ ገጽ ላይ ጠፋች። ፊዱ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባ አለ። የድረ ገጹን አድራሻ ኮፒ አድርጋችሁ ማንበቢያው ውስጥ ፔስት አድርጉት። ፊድሊ፣ ኢኖሪደርና ፊደር የሚባሉት አፖች ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። ካላገኙና ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ፣ ከአድራሻው ጫፍ ስላሽ ጨምሩና «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ (/feed)። የዩቲዩብ ቻናልም ፊድ አለው፤ የቻናሉን ሊንክ ማስገባት ነው።

«ሊንኩን ስከፍተው የኮድ ክምር ይመጣል»

ምንም አልተበላሸም። ፋይሉ ለሰው ሳይሆን ለአፕ የተጻፈ ስለሆነ ነው። ሊንኩን ብራውዘር ላይ ሳይሆን ማንበቢያው ላይ አስገቡት።

«በርዕስ ፈልጌ ምንም አላገኝም፣ ወይም የማይገናኝ ነገር ይመጣል»

እኛን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረን ይሄ ነው። አንድን ርዕሰ ጉዳይ ለመከታተል ጉግል አለርትስ፣ ማለትም በመረጣችሁት ቃል አዲስ ነገር ሲወጣ የሚያሳውቀው የጉግል አገልግሎት፣ ጥሩ ነው። ቃሉን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ አማራጮቹን ከፍታችሁ መላኪያውን ከኢሜይል ወደ አርኤስኤስ ፊድ (RSS feed፤ ያው ፊድ ያልነው ነው) ትቀይራላችሁ። በጉግል አካውንት መግባት ግን ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ላይ ከቃሉ አጠገብ የምትመጣውን ምልክት ተጭናችሁ ሊንኩን ኮፒ አድርጉና ማንበቢያው ውስጥ አስገቡ።

ጣጣው ያለው ቃሉ ላይ ነው። «ወልዲያ» የሚል ጸሐፊ አለ፣ «ወልድያ» የሚልም አለ። «ሐይቅ»፣ «ሀይቅ»፣ «ሃይቅ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ በሌላው የተጻፈው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ የየራሱን አለርት ክፈቱ፤ ሁሉንም ማንበቢያው ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ። ትንሽ ያደክማል፣ ግን አንዴ ነው።

ደግሞ «ሐይቅ» ብቻ ብትሉ ጣናም ይመጣል፣ ሐዋሳም ይመጣል። «ሐይቅ ከተማ» ወይም «ሐይቅ እስጢፋኖስ» ብላችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። «ኮምቦልቻ»ም እንደዚያው ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ ሌላ ኮምቦልቻ አለ። ከቃሉ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትታችሁ የመቀነስ ምልክት አድርጉና፣ ከምልክቱ ሳትለያዩ «ሐረርጌ» ብትጽፉ ያኛው ይቀንስላችኋል። «ወሎ» ብቻ ማለት ደግሞ ሰፊ ነው፤ የወረዳችሁን ወይም የጉዳያችሁን ስም ጨምሩበት።

«ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ፣ በመሃል የነበረው ዜና የለም»

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። የፊድ ፋይል ሁሉንም ነገር አይዝም፤ የቅርቡን ብቻ ነው። ዎርድፕረስ ካልተቀየረ በቀር 10 ጽሑፍ ይይዛል፤ የዩቲዩብ ቻናል 15 ቪዲዮ። ፊደር ፋይሉን የሚያየው ከስልካችሁ ሆኖ ነው። ስልኩ ለሳምንት ኔትወርክ ካላገኘና ገጹ በየቀኑ ብዙ የሚያወጣ ከሆነ፣ የመሃሉ ዜና ከፋይሉ ወጥቶ ይጠብቃችኋል። ፊድሊና ኢኖሪደር ግን በራሳቸው ሰርቨር ላይ እየሰበሰቡ ያቆዩላችኋል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰፈር የምመክረው እነዚህን ነው። የሁለቱም ነጻ አካውንት የፊድ ብዛት ገደብ አለው፤ ለአንድ ሰው ግን ይበቃል። አካውንት መክፈት ለማይፈልግ ፊደር ይሻላል።

«ኔትወርክ አለ፣ አፑ ግን ራሱ አያድስም»

መጀመሪያ የአፑን ሴቲንግ እዩ። በዋይፋይ ብቻ ወይም ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ አድስ የሚለው በርቶ ከሆነ አጥፉት። ከዚያ የስልኩን የባትሪ ቁጠባ እዩ፤ ብዙ ስልክ ከጀርባ የሚሠራን አፕ ይገድላል። ለዚህ አፕ ብቻ ገደቡን አንሱለት።

«ርዕሱ ይመጣል፣ ጽሑፉ የለም»

ገጹ ሆን ብሎ ነው፤ ሰው ወደ ራሱ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ፊደር ላይ ሙሉውን ጽሑፍ አምጣ የሚል አማራጭ አለ፤ ለዚያ ፊድ ብቻ አብሩት። ዋይፋይ ባለበት ካወረዳችሁት መንገድ ላይ ያለ ዳታ ታነቡታላችሁ።

«ስልክ ስቀይር ዝርዝሬ ጠፋ»

ፊደር አካውንት ስለሌለው ዝርዝሩ ያለው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዝርዝሩን ኦፒኤምኤል በሚባል ፋይል የሚያወጣ ቁልፍ አለ። ፋይሉን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አዲሱ ስልክ ላይ መልሳችሁ ስታስገቡት ፊዶቹ በሙሉ ይመለሳሉ፤ ወደ ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር መዛወር ብትፈልጉም የሚጠይቃችሁ ይሄንኑ ፋይል ነው።