ማርሽ አልገባ ሲል፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ሱሉልታ ህዳር ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት አሮጌ መኪናዬን አስነሳሁ፤ አንደኛ ማርሽ ግን አልገባም አለኝ። ገፋ ሳደርገው ክርርር! ጎረቤቴ ብቅ ብሎ «ካምቢዮው ሄዷል» አለ፤ የማርሽ ሳጥኑ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ጋራዥ ስወስዳት ደግሞ ሳይነኳት «ይውረድ» አሉ። አልወረደም። ጥፋተኛዋ አንዲት ያለቀች ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ነበረች።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት ችግሩ ከፍሪሲዮኑ (ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው) ነው ወይስ ከካምቢዮው የሚለው ነው። ለዚህ መፍቻ እንኳ አያስፈልግም።

1. ሞተሩን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ሜዳ ላይ አቁማችሁ የእጅ ፍሬን ያዙ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሽ በየተራ አስገቡ። ከዚያ ዜሮ ላይ መልሳችሁ አስነሱና ድገሙት። ጠፍቶ እየገባ ተነስቶ እምቢ ካለ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። ጠፍቶም ከከበደ ግን ማርሹን ከካምቢዮ የሚያገናኘውን ዘንግ ወይም ገመድ እዩ። እሱ ደህና ከሆነ ነገሩ ውስጥ ነው።

ማረጋገጫም አለ። ሞተሩ እየሰራ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ 5 ሰከንድ ቆጥራችሁ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ብዙ አሮጌ ካምቢዮ ላይ ኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሳይጋጭ እንዲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለው ክፍል) ስለሌለው፣ ፍሪሲዮኑ በትንሹ እንኳ ከያዘ ይጮህባችኋል።

2. ፔዳሉን መርምሩ። አትሳቁ፣ ከምንጣፉ ጀምሩ። ታጥፎ ፔዳል ስር ከገባ ፔዳሉ እስከ ታች አይወርድም። ቀጥሎ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጣችሁ ማርሽ አስገቡ። አሁን ከገባ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ወይም ዘይት ያፈሳል። የፍሪሲዮን ዘይት ዕቃው ጎድሎ እንደሆነ እዩ።

የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከፔዳሉ በላይ፣ ዳሽቦርዱ ስር ነው፤ በሶፍት ጠረግ አድርጉትና እርጥብ መሆኑን እዩ። ሁለተኛው ካምቢዮው ጎን ያለችው ትንሽ ሲሊንደር ናት። ጫፏ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን በጣት ገለጥ አድርጉ። ደረቅ አቧራ ከሆነ ደህና ናት። የእኔ ስትገለጥ ጥቁር ዘይት ዱብ ዱብ አለ። ጎሚኒዋ ተቀይራ አየሩ ሲወጣ ማርሹ ቅቤ ሆነ። የፍሪሲዮን ዘይት የመኪና ቀለም ስለሚልጥ ተጠንቀቁ።

ፍሪሲዮናችሁ በገመድ የሚሰራ ከሆነ ገመዱ ረዝሞ ወይም ክሩ ተበጣጥሶ ሊሆን ይችላል።

3. አንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የሚጮኸው፣ ለምሳሌ ሁለተኛ ስትቀንሱ፣ ፍሪሲዮኑን አትውቀሱ። የዚያ ማርሽ የሲንክሮናይዘር ቀለበት ተበልቷል። ለጊዜው ዜሮ ላይ ፍሪሲዮን ለቃችሁ፣ ነዳጅ ነካ አድርጋችሁ፣ እንደገና ረግጣችሁ አስገቡ። የድሮ የጭነት ሾፌሮች ዘዴ ናት። ማርሽ በራሱ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ ካምቢዮው የተቀመጠበትን ጎሚኒ አሳዩ፤ እሱ ደህና ከሆነ ውስጡ ተበልቷል።

4. ጆሮ ስጡ። ዜሮ ላይ ቆማችሁ ፔዳሉን ስትረግጡ ድምፅ ከመጣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ክፍል የሚይዘው ባለ ኳስ ቀለበት) ነው። ስትረግጡ ከጠፋ ደግሞ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። የእንጦጦን ዳገት ስትወጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል።

5. የካምቢዮ ዘይት። ላቫጆ ጉድጓድ ላይ አሳዩ፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር ግን በፍጹም አትግቡ። መሙያው ብሎን ሲፈታ ዘይቱ የቀዳዳውን አፍ መድረስ አለበት። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው፣ ላዩ ላይ ግራጫ ዱቄት መኖሩ አያስደነግጥም። ወርቃማ ብናኝ ከሲንክሮናይዘሩ የመጣ ነው። የብረት ስባሪ ካያችሁ አትንዱት። ዘይት ስትገዙም መኪናው የሚጠይቀውን ደረጃ አረጋግጡ፤ ጂኤል 4 ለሚለው ካምቢዮ ማንኛውንም ጂኤል 5 ብትጨምሩ የሲንክሮናይዘሩን ነሐስ ሊበላው ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ በብርድ ጠዋት ማርሽ ከብዶ ትንሽ ሲነዳ የሚለሰልስ ከሆነ ዘይቱ ወፍሮ ነው። አትረበሹ።

ሸራ ለመቀየር መውረዱ ግድ ከሆነ፣ ሸራውን፣ የሚጫነውን ዲስክና ኩሽኔታውን አብራችሁ ቀይሩ። ጉልበቱ አንድ ነው፤ ለኩሽኔታ ብቻ ሁለተኛ ማውረድ ያናድዳል። መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትሄዱም አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሸራው ጥርስ ቁጥር ካልገጠመ ተመልሳችሁ መሄዳችሁ ነው።