ሐረር ያለውን የራምቦ ቤት እንዴት እንጎብኝ?

ሐረር ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ጅቡ ያወራል። የራምቦን ቤት ግን «አየሁት» ብሎ ያልፈዋል። አብዛኛው ሰው ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በሩብ ሰዓት ይወጣል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ እንደዚያው ነበር ያደረግኩት። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ጊዜ ለሰጠው ሰው ግን ብዙ ያሳያል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ። አርቱር ራምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው። ግጥሙን ገና በወጣትነቱ እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የአንድ ቡና ነጋዴ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ሙዚየም የእሱ ቤት አልነበረም። ያሠራው የህንድ ነጋዴ ነው፤ ያውም ራምቦ ከሞተ በኋላ። ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አሉ። እኔ ግን ቤቱን የወደድኩት ይህን ካወቅኩ ወዲህ ነው። ሐረር ከባሕር ማዶ ጋር ትነግድ እንደነበር ከዚህ ቤት በላይ የሚመሰክር የለም።

ጠዋት ሂዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚዘጋ በር ላይ እንዳትቀሩ። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ተነስታችሁ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ በእግር ውረዱ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ከዚያ «ራምቦ ቤት» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል።

በሩ ጋ ስትደርሱ ቶሎ አትግቡ። ዙሪያውን ተመልከቱ። የሐረሪ ቤት፣ ጌ ጋር የሚሉት፣ ከድንጋይ የተሠራ ነው፤ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ለመንገደኛ ግድግዳውን ብቻ ያሳያል። ይሄኛው ግን ባለፎቅ የእንጨት ቤት ነው፤ መስኮቶቹን ወደ ውጭ ከፍቶ ከተማዋን ያያል።

ትኬት ቆርጣችሁ ስትገቡ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ ምክሬን ስሙኝና በቀጥታ ወደ ላይ ውጡ። የጣሪያውን ሥዕል ቀና ብላችሁ እዩ። የጠዋት ፀሐይ በባለቀለሙ መስታወት ሲገባ ጠብቁት። በመስኮት ደግሞ የጀጎልን ጣሪያዎች እዩ። ቤቱ ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ከዚህ በኋላ ስታዩ ቦታውን መለየት ትጀምራላችሁ።

አሁን ወደ ድሮዎቹ የሐረር ፎቶዎች ኑ። ሁሉንም ለማዳረስ አትሞክሩ። ሦስት ወይም አራት ምረጡና እያንዳንዳቸው ፊት ቁሙ። ከሰዎቹ መልክ በፊት ልብሳቸውን፣ እጃቸው ላይ ያለውን፣ ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ እዩ።

ራምቦ እዚሁ ሐረር ራሱን ያነሳባቸውን ፎቶዎች ሳታዩ ግን እንዳትወጡ። ካሜራውን ያስመጣው ከፈረንሳይዋ ከተማ ከሊዮን ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883 ሦስት ፎቶ ለቤተሰቡ ላከ። በአንዱ እጆቹን አጣምሮ ሙዝ ተክል መሀል ቆሟል። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ፊቱ አይለይም፤ ሁሉ ነገር ነጥቷል። ምክንያቱን ራሱ በደብዳቤው ነግሯቸዋል፤ ፎቶውን ያጠበበት ውሃ ጥሩ አልነበረም። ያኔ 28 ዓመቱ ነበር። የሐረር ውሃ ያደበዘዘውን ፊት እዚያው ሐረር ላይ ቆሞ ማየት ሌላ ነገር ነው። እኔ ከዚህ ፎቶ ፊት ለመሄድ እግሬ እምቢ ይለኛል።

ከስምንት ዓመት በኋላ ጉልበቱን አሞት፣ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ዘይላ ወደብ ድረስ አወረዱት። ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፣ በ37 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ ቤት ብዙም ሳይርቅ የሸሪፍ ሙዚየም አለ፤ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው ውስጥ ነው። እሱም የእንጨት ሥራው ከህንድ ቤቶች ጋር ይዛመዳል። ሁለቱን በአንድ ጠዋት አትደርቡ፤ ዓይን ይደክማል። ከሰዓት ቡና ጠጡና በማግሥቱ ጠዋት ሂዱበት።