ወደ ግል ክላውድ ከመዛወራችሁ በፊት አንድ ቁጥር ተመልከቱ

ቪፒኤስ (አንድ አካላዊ ማሽን ተከፋፍሎ ለብዙ ደንበኞች የሚከራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) ላይ ያለ ድረ ገጽ ሲንቀራፈፍ ጎረቤትን፣ ማለትም ማሽኑን የሚጋራውን ሌላ ደንበኛ፣ መውቀስ ቀላል ነው። ከዚያም በብዙ እጥፍ ወደሚወደድ የግል ክላውድ (ለአንድ ድርጅት ብቻ ወደተመደቡ ማሽኖች) መዛወር ይታሰባል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን በ1 ደቂቃ መፈተሽ ይቻላል።

መንቀራፈፉ በበረታበት ሰዓት በሊኑክስ ሰርቨሩ ላይ ቶፕ የተባለውን ትእዛዝ አስነሱ። የፕሮሰሰሩ መስመር መጨረሻ ላይ "ኤስ ቲ" ከሚሉት ፊደላት አጠገብ ያለው ቁጥር "የተሰረቀ ጊዜ" ይባላል፤ ሥራ ይዛችሁ ተራ ስትጠብቁ፣ አካላዊው ማሽን ሌላውን ደንበኛ ሲያስተናግድ ያለፈው ጊዜ ነው፣ በመቶኛ። ስሙ ራሱ ሁሉን ይናገራል!

ቁጥሩ ከ10 በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ሽሚያው እውነት ነው። ያኔም ቢሆን አቅራቢውን መጀመሪያ ወደ ሌላ ማሽን እንዲያዛውራችሁ፣ ወይም ለብቻ የተመደበ ፕሮሰሰር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ዜሮ አካባቢ ሆኖ በዚያው መስመር ያለው "ዩ ኤስ" ከናረ ግን ፕሮሰሰሩን የጨረሰው የራሳችሁ ፕሮግራም ነው፤ ክላውድ ብትቀይሩ እዚያም ይከተላችኋል። "ደብልዩ ኤ" ከፍ ካለ ዲስክ እየተጠበቀ ነው፤ ዲስኩም የጋራ ሊሆን ስለሚችል እዚህ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

ይህ ዘዴ ኬቪኤም እና ዜን በተባሉት፣ አንድን ማሽን ወደ ቨርቹዋል ማሽኖች በሚከፍሉ ሶፍትዌሮች ላይ ይሠራል፤ በኮንቴይነር (የዋናውን ማሽን ሊኑክስ በሚጋራ ክፍልፋይ) በሚሸጡ ርካሽ ቪፒኤሶች ላይ ግን ቁጥሩን አትመኑት። እንደ አማዞን ቲ3 ባሉት፣ የፕሮሰሰር ክሬዲት (ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅም ለመጠቀም የሚሰጥ ኮታ) በሚቆጠርባቸው ሰርቨሮች ደግሞ ክሬዲት ሲያልቅ ይኸው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል፤ ያኔ ጎረቤት የለበትም። የግል ክላውድ ገንብታችሁም ከኮሮቹ አቅም በላይ ቨርቹዋል ማሽን ካጨቃችሁበት፣ እርስ በርሳችሁ ትሰራረቃላችሁ።