የሃርድ ዲስክ ኢሜጅ ልታነሱ ስትሉ ኮምፒውተሩን ሺፍት ይዛችሁ አጥፉት

ክሎንዚላ በሚባለው የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም የሃርድ ዲስክ ኢሜጅ (የዲስኩን ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ) ስታነሱ «ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍል) በትክክል አልተዘጋም» ብሎ እምቢ ካላችሁ፣ ዲስኩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው የዊንዶውስ ቶሎ መነሻ ዘዴ ነው። እሱ ከበራ ዊንዶውስ 10 እና 11 ሻት ዳውን ሲባሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም፤ የሲስተሙን ሁኔታ ዲስኩ ላይ ጽፈው ያንቀላፋሉ። ፓርቲሽኑም እንደተከፈተ ይቀራል።

የሺፍትን ቁልፍ እንደያዛችሁ ሻት ዳውን በሉ፤ ከዚያ በቀጥታ ክሎንዚላ ካለበት ፍላሽ አስነሱ። በመሃል ዊንዶውስ ከተነሳባችሁ እንደገና ሺፍት ይዛችሁ አጥፉ።

ለጥምቀት ሥራ ኮምፒውተር የምታዘጋጁ የጎንደር ፎቶ ቤቶች፣ ዴስክቶፑንም ኢሜጁ የሚቀመጥበትን ኤክስተርናል ዲስክም ዩፒኤስ ላይ አድርጉ። መብራት መሃል ላይ ከሄደ የተጀመረው ኢሜጅ አይታመንም፤ ሰርዛችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ክሎንዚላ «የተቀመጠው ኢሜጅ ይፈተሽ?» ሲላችሁ ደግሞ ለመቸኮል ብላችሁ አትዝለሉት፤ የማይመለስ ኢሜጅ መኖሩ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር ኮድ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ያለበት ዲስክ ላይ ግን ሺፍት ይዞ ማጥፋት አይበቃም። ክሎንዚላ የተቆለፈውን ማንበብ ስለማይችል ባዶውንም ቦታ ይገለብጣል፤ የ500 ጊጋባይት ዲስክ ኢሜጅ 500 ሊጠጋ ይችላል። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ቢትሎከሩን አጥፉና ቁልፉን ከዲስኩ ላይ ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ።