እንጀራ እናቱን ተዉአት፦ ክፉ ባለታሪክ ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቅዳሜ ከሰዓት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ እንሰበሰባለን። ስድስት ሰባት ሰው ብንሆን ነው። ጀማሪዎቹ የጻፉትን ያነባሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ አንዳንዴም እነጫነጫለሁ። ሰሞኑን ምን እንደያዛቸው እንጃ፣ የሁሉም ዋና ገጸ ባሕርይ ክፉ ሰው ነው። በዚያ ላይ እንዲያስፈራም እንዲያስቅም ይፈልጋሉ። ምኞቱ ጥሩ ነው። ግን አንዱን ስህተት አሥር ጊዜ ሰምቼ አሥራ አንደኛው ላይ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ።

ያ ስህተት እንጀራ እናት ናት።

አንዱ ልጅ ግሩም ምዕራፍ አነበበልን። ሰውየው የእድር ጸሐፊ ነው። ጎረቤቱን በሐሰት ሰነድ ከስሶ ቤቱን አስነጥቆታል፤ ጎረቤቱም በንዴት ሞቷል። ለቅሶው ላይ ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የደረሰው ማነው? እሱ። መዝገቡን ይዞ በር ላይ ቆሞ ያረፈደውን ሁሉ ይመዘግባል። የሟች ሚስት ሬሳ ስታስገንዝ ቆይታ ደረሰች። ሰውየው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጣትና ሰዓቱን አየ። «እትዬ፣ ሃያ ደቂቃ አርፍደዋል» አላት፣ በትሕትና። ስሟ አጠገብ መቅጫውን ጻፈ።

ሳቅን። ወዲያው አፈርን። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሳትቀር «ውይ!» አለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ምዕራፍ ሁለት መጣ። እንጀራ እናቱ በማማሰያ ስትመታው። ራት ስትከለክለው። አራት ገጽ ሙሉ! ከዚያ በኋላ ሰውየው አላስፈራንም፣ አላሳቀንምም፤ አሳዘነን። ያስፈራን የነበረው የት ላይ እንደሚያቆም ስለማናውቅ ነው። አሁን ምክንያቱ ተጻፈልን፣ የታማሚ ካርድ መሰለ። ሳቁም አብሮ ሄደ፤ ምክንያቱም ሲያስቀን የነበረው ለመዝገቡ ያለው ፍቅር ነው። ሰውየው መዝገቡን ከልቡ ያምናል። ሐሰተኛ ሰነድ የሠራው ሰው ሃያ ደቂቃ ያረፈደችን ሴት ማለፍ ኅሊናው አይፈቅድለትም። ሳቁም ፍርሃቱም የሚቀዳው ከዚያችው ጉድጓድ ነው። እንጀራ እናቷ መጥታ ጉድጓዱን ደፈነችው።

ስለዚህ «ምን ተደርጎ ነው እንዲህ የሆነው?» አትበሉ። «ምኑን ነው እንደ ታቦት የሚያከብረው?» በሉ። ደግሞስ እንጀራ እናቶች ምን አደረጉን? እኔን ያሳደገችኝ እንጀራ እናቴ ናት። ማማሰያዋን ለወጥ ብቻ ነበር የምትጠቀምበት።

ክፉው «ሃ ሃ ሃ» ብሎ አይሳቅ። ስለዚህኛው ሌላ የምለው የለኝም።

ቀልድ አዋቂም አታድርጉት። ይሄን ስነግራቸው «ታዲያ በምን ያስቃል?» ይሉኛል። ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ እዩት እላቸዋለሁ። መላጣ ነው። ከአንገቱ ሥር ከረጢት ተንጠልጥሎለታል። ጥቁር ካባ የደረበ ሽማግሌ መስሎ አሳ የሚበልቱት ልጆች አጠገብ ይቆማል፣ እርቅ ሊያወርድ የመጣ ነው የሚመስለው። የአሳ አንጀት ሲወረወር ያንን ያህል ቁመት ይዞ ይሮጣል፣ ይውጣል፣ ተመልሶ ሽማግሌ ይሆናል። እግሩ የነጣው ራሱ ስለሚጸዳዳበት ነው፤ ክብሩ ግን አንዲት አትጎድልም። አሳችንን በዳጣ እያጠቀስን እንስቅበታለን። ሕፃን ልጅ ግን ማንም አጠገቡ ጥሎ አይሄድም። አባ ኮዳ አስቂኝ መሆኑን አያውቅም። የእናንተም ሰው አይወቅ።

ቀጥሎ የሚያንገበግበኝ የትርጉም ፊልም አማርኛ ነው። «አንተ የተረገምክ! ዛሬ የመጨረሻ ቀንህ ነው!» ሐዋሳ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚያስፈራራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። የእኛ ሰው ሲያስፈራራ ሰላም ይላል። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ከብት ሳይቀር ይጠየቃል። ያን ተጠቀሙበት። አበዳሪው ባጃጅ የሚጠግነው ባለዕዳ ጋ መጣ እንበል።

«እንደምን ዋልክ ወንድሜ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆችስ? ትንሿ ሳሉ ለቀቃት? አሁንም ያ ቀይ በር ያለው መዋዕለ ሕፃናት ነው የምትውለው? ጎበዝ ልጅ ናት፣ ትናንት ሳያት በሩ ላይ ብቻዋን ቆማ ነበር። ብሩንማ ተወው፣ ሲመችህ።»

አንድም ክፉ ቃል የለበትም። ፖሊስ ጋ ሄዶ ቢከስ እንኳ ምን ብሎ ይከሳል? «ልጄ ከሳል ዳነች ወይ አለኝ» ብሎ? ጥቁሩ ቀልድ እዚያ ነው ያለው። «አንተ» እና «እርስዎ»ም አሉላችሁ። ትናንት ድረስ «አንተ» ሲለው የኖረውን ጓደኛውን ዛሬ በድንገት «እርስዎ» ካለው፣ ያ ጓደኛ ማታውኑ ሻንጣውን ቢያዘጋጅ ይሻለዋል። ሰምና ወርቅ ይዘን ለምን ከትርጉም ፊልም እንደምንበደር አይገባኝም።

እኔም አልዳንኩም። ከዓመታት በፊት አንድ የዕቁብ ሰብሳቢ ጽፌ ነበር። ብሩን ይበላል፣ ከአባላቱ ጋር አብሮ ያለቅሳል፣ ሌባውን ለማስያዝ ደግሞ አዲስ መዋጮ ይሰበስባል። ሰው ፊት ሳነበው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ኮራሁ። ሲያልቅ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ መቼም አሳቅኸን፣ ተባረክ። ያቺ ጉሊት የምትሸጠዋ ግን፣ ዕጣው ሊደርሳት ሲል ብሩ ከጠፋ የቤት ኪራዩን በምን ከፈለች?»

መልስ አልነበረኝም። ሴትየዋን ለሳቅ ብቻ ነበር የጠራኋት፤ ከዚያ ትዕይንት ወጥታ የት እንደምትሄድ አስቤበት አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ጥቂት መስመር ጨመርኩ። ሴትየዋ አንድ ቀን ጉሊቷ ላይ አልመጣችም። በሳምንቱ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ሽንኩርት ደርድራ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው አጠገቧ ቁጢጥ አለና «እህቴ፣ ዕቁብ ገብተሻል?» አላት። እንደገና ሳነበው ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ዝም አለ። ያ ዝምታ ያልነበረው ክፉ ባለታሪክ ቀልደኛ ብቻ ነው።

ሬሳ አታብዙ። አንዷ ተሳታፊያችን በሠላሳ ገጽ አሥራ አንድ ሰው ገድላለች፣ ከሦስተኛው በኋላ የቆጠራ ሥራ ሆነብን። ሩሲያዊው ደራሲ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው «የሞቱ ነፍሶች» ውስጥ ቺቺኮቭ የሞቱ ገባሮችን እየዞረ ይገዛል። ሰዎቹ ሞተዋል፣ ግን እስከሚቀጥለው ቆጠራ ድረስ መዝገብ ላይ በሕይወት አሉ፤ ባለርስቱም ግብር ይከፍልባቸዋል። ቺቺኮቭ ስማቸውን ሰብስቦ እንደ ንብረት አስይዞ ሊበደርባቸው ነው ሐሳቡ። ሰይፍ የለ፣ ጥይት የለ፤ እጅ እየነሳ ስለ ሬሳ ዋጋ ይከራከራል። ክፉአችሁ ዓለምን ለመግዛት አይነሣ። የእድር ሊቀመንበርነት ይበቃዋል።

ሌላውን ሰው ሁሉ ጅል አታድርጉት፤ ቢያንስ ጡሩምባ ነፊው ይንቃበት።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ሲኖትራክ አለ። ሁሌም ሲኖትራክ! ደራሲው ሰውየውን ምን እንደሚያደርገው ሲጨንቀው ከሻሸመኔ አቅጣጫ አንድ ሲኖትራክ ፍሬን በጥሶ ይመጣል። ፍትሕ ተፈጸመ ይባላል። እኔ ግን ደራሲው ደከመው ነው የምለው። ሰውየው የሚወድቅ ከሆነ በዚያው በሚያከብረው ነገር ተጠልፎ ይውደቅ። ካልወደቀም አይውደቅ።

የእድሩን ጸሐፊ የጻፈው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ አስተካክሎ መጣ። እንጀራ እናቷ የለችም። ሲኖትራኩም የለም። ጸሐፊው አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። በምትኩ መዝገቡን የያዘችው ያቺው የጎረቤቱ ሚስት ናት። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ለቀስተኛው ተቀምጧል፣ ሬሳው ግን ከሆስፒታል ዘግይቶ ደረሰ። ሴትየዋ ሰዓቷን አየች። ጎንበስ ብላ ስሙ አጠገብ «ሃያ ደቂቃ» ብላ ጻፈች።