በቤት የሚሠራ የሚንቀሳቀስ የበረራ ሲሙሌተር፦ ከአሮጌ የመኪና ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ

ለገጣፎ በምንኖርበት ግቢ ጀርባ አንድ ባዶ ሰርቪስ ክፍል ነበር። አሁን መሃሉ ላይ የበረራ ሲሙሌተራችን፣ ማለትም መሬት ላይ ሆኖ በረራን የሚያስመስል የቪትዝ መኪና ወንበር፣ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያለው አውሮፕላን አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ወንበሩም ቀና ይላል። ጎማው አስፋልት ሲነካ ወገባችሁ ላይ ይሰማችኋል። የእህቴ ልጅ አብራሪ መሆን ይፈልጋል፤ የጀመርነው ለእሱ ብለን ነው። አብዛኛውን ዕቃ ያገኘነው ከሶማሌ ተራና ከምናለሽ ተራ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚፈራው ትልቅና ኃይለኛ እንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ስለሚመስለው ነው። አያስፈልግም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ 6 ዲግሪ፣ ወደ ጎን 8 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። ወሳኙ ነገር እንቅስቃሴው በሰዓቱ መምጣቱ ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ እ.ኤ.አ. በ1929 የመጀመሪያውን የታወቀ የበረራ ማሠልጠኛ የሠራው በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሚያንቀሳቅሰውም የኦርጋን ወናፍ ነበር። እጁ ላይ ባለው ዕቃ ነው የጀመረው፤ እኛም እንደዚያው።

ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ሚዛኑን ፈልጉ

ይህ ደረጃ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ግን ሥራው የሚሳካው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው።

ወንበሩን ጠንካራ ጣውላ ላይ እሰሩት። የእግር ማስቀመጫም ጣውላው ላይ ይኑር፤ እግራችሁ መሬት መንካት የለበትም። ከጣውላው ሥር ክብ ቧንቧ አስገቡና ተቀመጡ። አንድ ሰው ቧንቧውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንከባለለ ጣውላው ወደየትም የማይወድቅበትን ቦታ ይፈልግ። እዚያ ላይ በጠመኔ አስምሩ። ቧንቧውን አዙራችሁ የጎኑንም እንዲሁ አድርጉ። ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነጥብ የወንበሩ መሃል ምሰሶ የሚቆምበት ነው።

ለምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? አስሉት። ሰውና ወንበር አብረው 90 ኪሎ ቢሆኑና ምሰሶው ከሚዛኑ ነጥብ 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የተያያዙት ሞተሮች ወንበሩ ቆሞ እያለ እንኳ ከ22 ኪሎ በላይ ተሸክመው ይውላሉ። ይሞቃሉ፣ ይዘገያሉ፣ በመጨረሻም ይቃጠላሉ። ሚዛኑ ሲስተካከል ግን ትልቅ ሰው የተቀመጠበትን ወንበር በአንድ ጣት መግፋት ይቻላል። የሚኒባስ ወንበር ከባድ ስለሆነ አልመክርም። የትንሽ መኪና የፊት ወንበር ይሻላል።

ብረቱ

መሠረቱ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቧንቧ ነው፤ 1 ሜትር በ1 ሜትር ይሁን። መሃሉ ላይ አጭር ምሰሶ ይቆማል። ምሰሶው አናት ላይ የኋላ ጎማን ከሚያዞረው ረጅም የመኪና ዘንግ የተቆረጠ መስቀል መጋጠሚያ ይበየዳል። ይህ መጋጠሚያ በሁለት አቅጣጫ ይተጣጠፋል፤ ግን እንደ ኳስ መጋጠሚያ በራሱ ላይ አይዞርም። የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ስትገዙ በእጃችሁ ነቅንቁት። ኩሽኔታው ካለቀ ቅጭ ቅጭ ይላል፤ ተዉት። ወንበሩን በተቻለ መጠን ወደ መጋጠሚያው አስጠጉት፤ ከፍ ባለ ቁጥር ሚዛኑ ይከፋል።

ሥዕሉን ይዤ የሰፈራችን በያጅ ጋ ስሄድ፣ «ጋሼ፣ ለመሞከሪያ ነው፤ ነጥብ ነጥብ ብታደርጉልኝ ይበቃል» አልኳቸው። ብረቱን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ሰው የሚቀመጥበት ብረት በነጥብ አይበየድም» አሉኝ። ዙሪያውን ሙሉ በየዱት። ትክክል ነበሩ።

ሞተሮቹ

ሁለት የመስታወት መጥረጊያ ሞተር ያስፈልጋል። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ሞተር ከቤት መኪናው በጣም ይበረታል። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት መኪና ይሁኑ። ከወንበሩ ኋላ፣ ከምሰሶው 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ እርስ በርሳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው መሠረቱ ላይ ይታሰራሉ። ሁለቱም አብረው ሲገፉ ወንበሩ ወደ ፊት ያዘነብላል። አንዱ ገፍቶ ሌላው ሲስብ ወደ ጎን ያዘነብላል።

የሞተሩ ክንድ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ የሚታሰረው አጭር ብረት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። 40 ኒውተን ሜትር ጉልበት ያለው ሞተር በ5 ሴንቲ ሜትር ክንድ ወደ 80 ኪሎ ይገፋል። ክንዱን 10 ብታደርጉት ግን 40 ኪሎ ብቻ ነው። ክንዱና ወንበሩ የሚገናኙት በሁለት ጫፉ ኳስ መጋጠሚያ ባለው ዘንግ ነው፤ ከአሮጌ መኪና መሪ ይገኛል። የክንዱን ቀዳዳ ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ አስበሱት። በእጅ ትራፓኖ የተበሳ ትንሽ ከሰፋ፣ ያ ክፍተት በየበረራው ይንኳኳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ብዙ የመጥረጊያ ሞተሮች አሉታዊ ገመዳቸው ከሞተሩ አካል ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ሞተሩን በሁለቱም አቅጣጫ ስለምናዞረው፣ አካሉ ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። ስለዚህ ከፍታችሁ ያን ግንኙነት ቁረጡና ለብቻው ገመድ አውጡለት። ከሁለቱ የፍጥነት ገመዶች ደግሞ የዝግታውን ተጠቀሙ። የፈጣኑ ፍጥነት በአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ይለያል።

ኤሌክትሮኒክሱ

አንድ አርዱዪኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ)፣ ለየሞተሩ አንድ አይቢቲ-2 ድራይቨር (የአርዱዪኖውን ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሩ ኃይል የሚሰጥ ሰሌዳ)፣ ለየሞተሩ አንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር። የመጨረሻው የድሮ ራዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ዓይነት ነው። ክንዱ የት እንዳለ ለአርዱዪኖው የሚነግረው እሱ ነው። ከሞተሩ ዘንግ ጋር በአጭር የነዳጅ ጎማ ቱቦ አያይዙት፤ ትንሽ ጠማማነት ቢኖር ጎማው ይችለዋል። አርዱዪኖው ቦታውን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ያነበዋል። ክንዱ አግድም ሲሆን 512 አካባቢ እንዲያሳይ አድርጋችሁ እሰሩት።

ለኃይል፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አያይዤ እጠቀማለሁ። ሞተር በድንገት ሲቆም ኃይል ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ከግድግዳ መብራት የሚሰካ ተራ ፓወር ሰፕላይ በዚህ ጊዜ ራሱን ያጠፋል፣ ባትሪ ግን ይውጠዋል። ስትበሩ ቻርጀሩን ንቀሉ። ድራይቨሩ የሚችለው እስከ 27 ቮልት ነው፤ እየተሞሉ ያሉ ሁለት ባትሪዎች ደግሞ ከ28 ያልፋሉ። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ መስኮት ይከፈት። ለየሞተሩ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አስገቡ።

ቀዩ ቁልፍ

ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። ባትሪ ከመግዛታችን በፊት በፓወር ሰፕላይ ብቻ እንሠራ ነበር። አንድ ምሽት የእህቴ ልጅ እየበረረ መብራት ጠፋ። ቀበቶውን ፈታና አንድ እግሩን አወረደ። ልክ በዚያ ቅጽበት መብራት መጣ። ወንበሩ በሙሉ ኃይሉ ወደ መሃል ተመለሰ። ቁርጭምጭሚቱ ከብረቱ በሁለት ጣት ርቀት ተረፈ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መፍትሔው ወፍጮ ቤት ሁሉ ያለ ነው፤ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው ኮንታክተር። መብራት ሲጠፋ ይለቃል። መብራት ሲመለስ ግን ሰው መጥቶ አረንጓዴውን ካልተጫነ አይነሳም። ወደ ድራይቨሮቹ የሚሄደው የ24 ቮልት መስመር በእሱ በኩል ይለፍ፤ አርዱዪኖው ግን ኃይል አይቋረጥበት። ቀዩ ቁልፍ የተቀመጠው ሰው እጅ በሚደርስበት ይሁን። ሁለተኛ ቀይ ቁልፍ ደግሞ ለተመልካች፣ በሩ አጠገብ። ኃይል ሲቋረጥ ወንበሩ አይወድቅም፤ የመጥረጊያ ሞተር ጥርስ ባለበት ይይዘዋል። የሚንቀሳቀሰውን ዙሪያ በላሜራ ወይም በጨርቅ ሸፍኑ። ሕፃን ያለበት ቤት ክፍሉ ይቆለፍ።

ሶፍትዌሩና የመጀመሪያው ሙከራ

አርዱዪኖው ላይ ኤስኤምሲ3 የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ሞተርን ለመቆጣጠር የተጻፈ ነው። በረራውን ወደ እንቅስቃሴ ለመቀየር ፍላይፒቲ ሙቨር አለ፤ እሱም በነፃ ይገኛል፤ ስክሪኑ ላይ በረራውን ከሚያሳዩት ፕሮግራሞች ከኤክስፕሌንና ከማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ጋር ይሠራል። ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ካለ ነፃውን የበረራ ፕሮግራም ፍላይትጊርን መጠቀም ትችላላችሁ፤ የአውሮፕላኑን ሁኔታ በኔትወርክ ያወጣል።

መጀመሪያ ዘንጎቹን ንቀሉና ሞተሮቹን ባዷቸውን ሞክሩ። ሞተሩ ወደታዘዘው ቦታ ሄዶ ከቆመ ጥሩ ነው። እያመለጠ ወደ ጥግ ከሄደ የሞተሩን ሁለት ገመዶች አቀያይሩ። ከዚያ ክንዱ ከመሃል ከ60 ዲግሪ በላይ እንዳይሄድ ገደብ አስቀምጡ። በመቀጠል ወንበሩን አያይዙ፤ ሰው ሳይሆን የአሸዋ ከረጢት ይቀመጥበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው የአውሮፕላኑን ዝንባሌ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይልካል። አውሮፕላኑ 30 ዲግሪ ሲያዘነብል ወንበሩም እስከ መጨረሻው ያዘነብላል፣ እዚያም ይቆያል። ይህ ውሸት ነው። ሚኒባስ ሲታጠፍ ወደ ጎን ትወረወራላችሁ። አውሮፕላን በትክክል ሲታጠፍ ግን እጃችሁ ላይ ያለ ብርጭቆ ውሃ አያዘነብልም፤ ሰውነት የሚጫነው ወደ ወንበሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ዝንባሌው ሲጀምር ፈጠን ብሎ ይንቀሳቀስ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሳይታወቅ፣ ወደ መሃል ይመለስ። የውስጥ ጆሯችን በሴኮንድ ከ2 ወይም ከ3 ዲግሪ ያነሰ መዞርን እምብዛም አይለይም። በዚያ ፍጥነት መልሱት።

ለመንደርደሪያው ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ። አውሮፕላኑ ሲፈጥን ወንበሩ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይደገፍ። ጀርባችሁን የሚገፋው የራሳችሁ ክብደት ነው፤ ዓይናችሁ አስፋልቱ ሲሮጥ ስለሚያይ ግን አእምሮ ፍጥነት ነው ብሎ ይቀበላል። ይህን በትክክል ያስተካከልን ዕለት የእህቴ ልጅ ዝም አለ። ከዚያ «ደግመን እንነሳ» አለኝ።

የመጀመሪያ በረራችሁ ከቦሌ ይሁን፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ኮድ ኤች-ኤ-ኤ-ቢ (HAAB) ነው። ትንሹን አውሮፕላን ሴስና 172 ምረጡ። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው። የአውሮፕላኑ ሞተር ይደክማል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ አቅጥኑ፣ ማለትም ነዳጁን ቀንሱ። ያው ስስ አየር የወንበራችሁንም ሞተሮችና ድራይቨሮች በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ድራይቨሮቹ ላይ ትንሽ ማራገቢያ ግጠሙ።

ሁለት ሰዓት ከበረራችሁ በኋላ ቀዩን ተጫኑና ዳዶዎቹን በሙሉ አንድ በአንድ እንደገና አጥብቁ። ቀድሞ የሚላላው የሞተሩን ክንድ የያዘው ነው።